የእናትሽ ቴሌቪዥን

ውድ ባለቤቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለፈው ደውለሽ «እንዴት ናችሁ?» ስትዪ እኔም እናትሽም ባንድ አፍ «ደህና ነን፣ ደህና ነን» አልንሽና መስመሩ ተቆረጠ። ደህና መሆናችን እውነት ነው። እንዴት ደህና እንደሆንን ግን በዚያ በሚቆራረጥ ስልክ የሚነገር ነገር ስላልሆነ፣ ወደ እናንተ መድኃኒት የሚያመላልሰው ሾፌር ከመነሳቱ በፊት ይህን ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

እናትሽ ጎረቤት የታመመች ሴት ሊጠይቁ ወጥተዋል። እሳቸው በሌሉበት የምጽፈው ወድጄ አይደለም፤ አሁን የምጽፈው እያንዳንዱ ፊደል ቡጢ ቡጢ አክሎ ሳሎናችን መሐል ስለሚታይ ነው። ምስጢር የሚባል ነገር ከዚህ ቤት ወጥቷል። ለምን እንደሆነ ከመነሻው ልንገርሽ።

አንቺ የሄድሽ ሰሞን እኔና እናትሽ እንዴት እንደነበርን ታውቂያለሽ። አንድ ጣሪያ ሥር ያደሩ ሁለት እንግዶች። ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፤ የሚያስቀይሙኝ በአክብሮት ነበር። «አቶ አራሚ፣ ምሳዎ ቀርቧል።» «አቶ አራሚ፣ ጫማዎን መተላለፊያው ላይ ባይተዉት።» ዕድሜያቸውን ሙሉ የስልክ ኦፕሬተር ሆነው ሰውን ከሰው ሲያገናኙ የኖሩ ሴት፣ እኔ ዘንድ ሲደርሱ መስመሩን ይነቅሉታል። ስንጋባ «አንተ» ብለው የተቀበሉኝ ሰው መቼና በምን ምክንያት «አንቱ» እንደሆንኩባቸው እኔም አላውቅ፣ አንቺም አታውቂ። «ተዋት፣ ዕድሜ ነው» ትዪኝ ነበር። ዕድሜ እንዳልሆነ ሆዴ ያውቀው ነበር። ወንድምሽ መጥቶ ወደ ቤቱ እንዲወስዳቸው በስልክ ሲነጋገሩም ሰምቻለሁ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም፣ እንድሰማላቸው ነው መሰለኝ።

ስለ ዓይኔ አዲስ ነገር የለም፤ ሐኪሙ ፊት አብረሽኝ ተቀምጠሻል። መሐሉ ይደበዝዛል፣ ዳር ዳሩ ይቀራል፣ መነጽር ከዚህ በላይ አይረዳም፣ ያለው አጉልቶ ማንበብ ነው። ከክሊኒኩ ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆመሽ «የአዋላጅነት ሥልጠናውን ልተወው» ያልሽኝ ጊዜ የተቆጣሁሽ ላንቺ ብዬ ብቻ አልነበረም። አንቺ በኔ ምክንያት ቤት ስትቀሪ ባይ፣ ያኔ በእርግጥ የታወርኩ መስሎ ይሰማኝ ነበር። «ለእማዬ ግን እንዳንነግራት፣ ትጨነቃለች» ተባባልን። ያ ስምምነታችን ምን እንዳመጣ ቆይተሽ ትሰሚያለሽ።

ከሄድሽ በኋላ ዋና አዘጋጁ እንዳርመው አንድ ወፍራም ልብወለድ ሰጠኝ፤ ያንዲት አዲስ ደራሲ የመጀመሪያ ሥራ። «ሞክረው፤ ካልሆነም ንገረኝ፣ ምንም ማለት አይደለም» አለኝ። በደግነት ነው ያለው። ደግነቱ ነው የከበደኝ። ያቺን ትንሽ ላፕቶፕ ጭኔ ላይ አድርጌ ፊደሉን ሳጎላው፣ ስክሪኑ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ይይዛል። እነሱን አንብቤ ወደ ቀጣዩ ስገፋ የመስመሩ መነሻ ይጠፋኛል፤ መነሻውን ፍለጋ ስመለስ ደግሞ ያነበብኩት ይጠፋኛል። ውሃ በወንፊት መቅዳት ሆነብኝ። አንገቴ ደረቀ። እናትሽ አንድ ቀን በበሩ ሲያልፉ አይተውኝ «አቶ አራሚ፣ በዓይንዎ ነው በአፍንጫዎ የሚያነቡት?» አሉኝ። ያን ዕለት ላፕቶፑን ዘግቼ ለዋና አዘጋጁ የምለውን በልቤ ማሰናዳት ጀመርኩ። ሰው የጻፈውን ከማንበብ በቀር ሌላ ሥራ አላውቅም፤ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ምስማር እንኳ ቀጥ አድርጌ አልመታም።

ተስፋ ከመቁረጤ በፊት ግን ትልቅ የኮምፒውተር ስክሪን ይገኝ እንደሆነ ብዬ ታች ወደ ጠጋኙ ሱቅ ወረድኩ። ፊውዝ የምንለውን ማለቴ ነው፣ በትንሽ በትልቁ ቱግ የሚለውን።

«ስክሪን?» አለኝ የተፈታ ሬዲዮ ላይ እንዳጎነበሰ። «ቤታችሁ ያንን የሚያህል ቴሌቪዥን ተገትሮ?»

«እሱ ቴሌቪዥን ነው።»

«ታዲያ ቴሌቪዥን ስክሪን አይደለም? ምን ሊሆን ነው፣ መስኮት? ጥራቱ ከፍተኛ ነው፣ ከጀርባው ቀዳዳ አለው፣ ኮምፒውተርህም ቀዳዳ አለው። አጋባቸው!» መሳቢያ ጎትቶ አንድ ጥቁር ገመድ ወረወረልኝ። ከዚያ ቀና አለና ሳቀ። «መሰካቱ ቀላል ነው። ባለቤትዮዋን ማስፈቀዱ ነው የሚያስቸግርህ።»

ጉዳችንን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል ማለት ነው።

እውነቱን ነበር። እናትሽ ከቤታቸው ይዘውት የመጡት ትልቁ ዕቃ እሱ ነው። ማታ ማታ ተከታታይ ድራማቸውን የሚያዩበት፣ ማንም ሳይነካባቸው አቧራውን ራሳቸው የሚጠርጉት። ልለምናቸው ብዬ ሳሎን ገባሁና «ውሃ ልጠጣ ነው» ብዬ ወጣሁ። ደግሜ ገባሁ። አሁንም ውሃ ጠጣሁ። በማግስቱ ጠዋት ለደም ግፊታቸው ክሊኒክ ሲሄዱ ግን ጠብቄ እንደ ሌባ ገመዱን ሰካሁት።

ስክሪኑ ለአፍታ ጨለመ፤ ከዚያ የልብወለዱ የመጀመሪያ ገጽ ብቅ አለ። አማረ እንዳይመስልሽ። ዳርና ዳሩ ተቆርጦ የየመስመሩ ጫፍ ከፍሬሙ ውጭ ቀርቷል። ፊደሎቹ ዙሪያቸውን ነጭ ጥላ ለብሰው ያብረቀርቃሉ። የማውሷ ቀስት ስጎትታት ዘግይታ ነው የምትከተለኝ፣ ጭቃ ውስጥ እንደገባ ሰው። ቢሆንም ወንበር ላይ ቀና ብዬ፣ አንገቴን ሳልሰብር፣ የጎደለውን ፊደል ራሴ እየሞላሁ፣ አንድ መስመር ሳይቆራረጥብኝ አነበብኩ። ድምፄን አውጥቼ ደገምኩት። «ልብስ ሰፊዋ መስኮቱን ከፍታ መንገዱን አየች» ነው የሚለው፤ ምንም የሚያስለቅስ ነገር የለበትም። እኔ ግን አለቀስኩ።

እንባዬን ሳልጠርግ በሩ ተከፈተ። ሐኪማቸው ቀርቶ ኖሮ ተመልሰዋል።

«ምንድነው ይሄ? ቴሌቪዥኔን ምን አደረጉት?»

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለጥቂት ጊዜ ብዬ...»

«ዕቃዬን ሰው ሳይጠይቀኝ ሲነካብኝ አልወድም፣ አቶ አራሚ። ግን እኔ ምን የምጠየቅ ሰው ነኝ? ሰላምታ እንኳ የማይገባኝ ሴት ነኝ።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«አያውቁትም!» አሉ፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው። «ዳቦ ቤቱ በር ላይ፣ ከጓደኞቼ ጋር ቆሜ፣ ፊት ለፊት ተገናኝተን፣ እጄን አንስቼ ስስቅልዎ እንደ ስልክ እንጨት አልፈውኝ አልሄዱም? 'አማችሽ አይደለም እንዴ? ምነው አላወቀሽም?' ሲሉኝ ምን ልበል? የዚያን ቀን ብቻ ቢሆን እሺ። ፋርማሲው ጋ ሌላ ቀን። አውቶቡስ ውስጥ ሌላ ቀን። ኩሩ ሰው ብዙ አይቻለሁ፣ እንደርስዎ ያለ ግን አላየሁም።»

አንቱታው ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ።

«እማማ፣ አላየሁዎትም።»

«ፊት ለፊትዎ ነበርኩ እኮ!»

«እኔ እኮ የማላየው ፊት ለፊት ያለውን ነው።»

ነገርኳቸው። ሐኪሙ ያለውን፣ ሰው ወደ እኔ ሲመጣ ፀጉሩና ትከሻው እየታየኝ ፊቱ ግን እንደታሸ ወረቀት እንደሚሆንብኝ፣ መንገድ ላይ ሰው በድምፁ ካልሆነ እንደማልለይ፣ ሥራዬን ልተው እንደደረስኩ፤ ሁሉንም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ሰሙኝ።

«ልጄ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«ከእኔ ደበቃችሁኝ።»

«እንዳይጨነቁ ብለን ነው።»

«ስላልተጨነቅኩ ተቀየምኩ። የትኛው ነበር የሚሻለው?»

ምን ልበላቸው? አንቺስ ብትሆኚ ምን ትዪያቸው ነበር? እሳቸው ቀና አሉና ስክሪኑን አዩት። ካሁን አሁን «ንቀለው» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣

«ማናት ልብስ ሰፊዋ?» አሉ።

«የመጽሐፉ ባለታሪክ ናት።»

«ፊደሉ ለምን እንዲህ ይንቀለቀላል? እንዲህ ሆኖ ደህና ዓይንም ያጠፋል። ሂድ ያንን ፊውዝ ጥራው።»

«ጥራው» ነው ያሉት። «ይጥሩት» አላሉም። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

ፊውዝ መጥቶ ሪሞቱን ተቀበለና እየተቆጣ አስተካከለው። ቴሌቪዥን ለፊልም ስለተሠራ ሥዕሉን ትንሽ ለጥጦ ዳሩን ይቆርጠዋል፤ የሥዕሉን መጠን «እንዳለ» ላይ አደረገው፣ የጠፉት ፊደሎች ሁሉ ወደ ቤታቸው ገቡ። ጥርት ማድረጊያውን ደግሞ ወደ ታች አወረደው። «ላሳምር ብሎ ነው ፊደሉን የሚኩለው» አለ፣ «ኩሉን አጠብኩለት።» በመጨረሻ ገመዱ የገባበትን መስመር «ኮምፒውተር» ብሎ ሰየመው፤ ስሙን ካወቀ በኋላ ቴሌቪዥኑ ሥዕል ማስዋቡን ትቶ የተባለውን ብቻ ማሳየት ጀመረ፣ ቀስቷም ከጭቃው ወጣች። እናትሽ «ሰውም ስሙን ሲያውቅ እንዲሁ ነው፣ አርፎ ይቀመጣል» አሉ። ፊውዝ ስድብ መስሎት ቱግ ሊል ነበር።

እኔም ገጹን ጥቁር፣ ፊደሉን ነጭ አደረግኩት፤ ነጭ ገጽ በዚያ ስፋት ሲበራ እንደ ፀሐይ ዓይን ይወጋል። ብርሃኑን ዝቅ፣ ወንበሬን ትንሽ ወደ ኋላ። ቀኑ የእኔ፣ ማታው የድራማው እንዲሆን ተስማማን። አንድ ቀን ጎረቤታችን ጨው ልትበደር ገብታ በጥቁር ላይ የተጻፈውን ነጭ ጽሑፍ ብታይ «ውይ፣ ማን ሞተ?» ብላ ደነገጠች። እናትሽ ከሹራብ ሥራቸው ቀና ሳይሉ «ማንም አልሞተ። የንባብ ጣቢያ ነው» አሏት።

ሹራባቸውን ይዘው አጠገቤ መቀመጥ የጀመሩት በዚያው ሳምንት ነው። አራሚ ሲያነብ ከንፈሩ መንቀሳቀሱ አይቀርም፤ እኔም ሳላውቀው አነበንባለሁ። አንድ ጠዋት መርፌያቸውን አቆሙ።

«ወይ ዝም በል፣ ወይ ድምፅህን ከፍ አድርግ።»

«እረብሽዎት ይሆን ብዬ ነው።»

«የሚረብሸኝ ግማሹን መስማት ነው። ዕድሜ ልኬን ግማሹን ስሰማ ኖሬያለሁ። መስመር ሳገናኝ አንዲት ቃል ጆሮዬ ትገባለች፤ 'ልጁ ያንተ ነው' ትላለች አንዷ፤ ሕጉ ደግሞ መስማት አይፈቅድም፣ መውጣት አለብኝ። እና ምን አላት? ተቀበላት? ካዳት? እስከ ዛሬ አላውቅም። የስንቱን ሰው መነሻ ይዤ መጨረሻውን ሳላውቅ አረጀሁ መሰለህ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። ልብስ ሰፊዋ የእናቷን ቤት ሸጣ ወደ ሌላ ከተማ ልትሄድ ታስባለች፤ ታሪኩ ይኸው ነው። እናትሽ ግን እንደ ጎረቤት ጉዳይ ያዙት። «ሞኝ ናት!» ይላሉ። «ያ ደላላ ዓይኑ ጥሩ አይደለም።» ምሳ እያቀረቡ «ቆይ፣ ቁልፉን ለማን ሰጠችው?» ይሉኛል። አንድ ቃል በስህተት ሁለት ጊዜ የተጻፈ እንደሆነ ደግሞ እኔ ሳላየው ጆሯቸው ይይዘዋል፤ «ተንተባተብክ ወይስ ተጽፏል?» ስመለከት ተጽፏል። እየሳቅን እናጠፋዋለን።

ወንድምሽ የመጣው በዚህ መሐል ነው። መኪናውን በር ላይ አቁሞ ገባ። እናቱን ዕቃቸውን ሸክፈው በር ላይ ቆመው ሊያገኛቸው ነበር ያሰበው፤ እሳቸው ግን እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው ስክሪኑ ላይ አፍጥጠዋል።

«እማዬ፣ አልተዘጋጀሽም እንዴ? ልንሄድ አልነበር?»

«እሱ ቆይቷል። አሁን ሥራ ላይ ነኝ።»

«የምን ሥራ?»

«እርማት» አሉት፣ እንደ ቀላል ነገር። «ደላላው ገዢ ይዞ እየመጣ ነው። መሐል ላይ መስመር አልነቅልም። ከፈለግህ ቁጭ በል፣ ካልፈለግህ በሩን ቀስ ብለህ ዝጋው።»

ወንድምሽ አፉን ከፍቶ እኔን አየኝ፤ ፊቱ ባይታየኝም አፉን መክፈቱን ከዝምታው አወቅኩ። በኋላ ቁጭ አለ። ሲወጣ «እስኪ ያቺ ሴትዮ ምን እንደምታደርግ ደውላችሁ ንገሩኝ» ብሎን ሄደ።

አሁን ልነግርሽ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። አንድ ምሽት ድራማቸው ሊጀምር ሲል ገመዴን ነቅዬ ልነሳ ስል «ቁጭ በል» አሉኝ።

«ፊታቸውን አለየውም እማማ። ማን ማን እንደሆነ ስለማላውቅ ይሰለቸኛል።»

«እኔ እነግርሃለሁ።»

ነገሩኝም። ቀስ ብለው፣ በዚያ በድሮ የስልክ ድምፃቸው። «አሁን ረጅሙ ገባ። ልጅቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አላለቀሰችም፣ ልታለቅስ ነው። እሱ ሊስቅ ብሎ ተወው።» ከስንት ጊዜ በኋላ ድራማ አየሁ። ማስታወቂያው ሲገባ ድምፁን ቀነሱትና፣

«የልጄንስ ፊት?» አሉኝ።

«ሌላውን ሁሉ ይጠይቁኝ፣ እሱን ግን አይጠይቁኝ እማማ» አልኳቸው። «አረማመዷን አውቀዋለሁ። ድምፅዋን አውቀዋለሁ። ፊቷን ግን ዓይኔ ከመድከሙ በፊት ያየሁትን ነው በልቤ የምይዘው። እሱም እንዳይደበዝዝብኝ እፈራለሁ።»

ድራማው ቀጠለ፤ እሳቸው ግን መንገሩን አቁመው ነበር።

በማግስቱ ስነሳ ስልካቸውን ይዘው ሳሎን ቆመው ይጠብቁኛል። ነጭ ጋዋንሽን ለብሰሽ ከሌሎቹ አዋላጆች ጋር ጤና ጣቢያው በር ላይ የተነሳሽውን ፎቶ ከፍተውታል። «ይሄን እዚያ ላይ አውጣው» አሉኝ። አወጣሁት። መጀመሪያ ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች ብቻ ነበሩ። «አጉላው» አሉ። አጎላሁት። «አሁንም።» አጎላሁት። «አሁንም፣ ምን ትፈራለህ!» ሌሎቹ ሁሉ በዳር በዳር ወጥተው አንቺ ብቻሽን ቀረሽ፣ ፊትሽ በር በር አክሎ። ሐኪሙ እንዳስተማረኝ ዓይኔን ትንሽ ወደ ጎን አደረግኩና በዳሩ አየሁሽ። ቅንድብሽ መጣ። የፊት ጥርስሽ ክፍተት መጣ። ስትስቂ ግራ ጉንጭሽ ቀድሞ መሳቁ መጣ። ከዚያ አንድ ነገር አየሁ፤ እሳቸውም ያኔ አዩት መሰለኝ፣ እኩል ጮኽን፦

«ከስታለች!»

ተቃቅፈን ሳቅን፣ እሳቸው ደግሞ እየሳቁ አለቀሱ። ስለዚህ እባክሽን ብዪ። ሌሊት ስታዋልጂ አድረሽ በሻይ ብቻ እንደምትውዪ እናውቃለን። ከእንግዲህ ልትዋሺን አትችዪም፤ በዚህ ስፋት ላይ ጉንጭ ምስጢር አይጠብቅም።

ልብወለዱን ጨረስነው። መጨረሻውን አልነግርሽም፣ እናትሽ ራሳቸው ሊነግሩሽ ስለሚፈልጉ። የመጨረሻዋን መስመር ሳነብ ሹራባቸውን አስቀመጡ። ከዚያ «እንዲህ ነው ለካ» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። ዋና አዘጋጁ ሥራውን አይቶ ደወለልኝ። «ካልሆነ ንገረኝ» የሚለው ድምፅ አልነበረም። «ቀጣዩን መቼ ልላክልህ?» አለኝ፤ ገና ሳልመልስ እናትሽ ከጓዳ «ወፍራም ይሁን በለው!» ብለው ጮኹ።

ዓይኔ አይመለስም። ይህን አውቃለሁ፤ እናትሽም ያውቃሉ። ሐኪሙ ባለፈው ሳምንት አይቶኝ ብዙም አልባሰም አለ፤ ዳር ዳሩ ይቆያል፣ በዳሩ መኖር ደግሞ ይለመዳል። አንባቢ ሆኜ እቀጥላለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ስጽፍልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ኔትወርክ ወዳለበት ወደ ከተማው በምትወርጂበት ቀን በቪዲዮ ደውዪልን። በቀን ይሁን፣ ብርሃኑ ፊትሽ ላይ በሚያርፍበት ቦታ ቁሚ፣ ስልኩን ራቅ ሳይሆን ቀረብ አድርጊው። ብዙ ማውራት የለብሽም። ዝም ብለሽ ትንሽ ቆዪልኝ።

ካንቺ ከተለየሁ ጀምሮ የፈራሁት ጨለማውን አልነበረም። ሥልጠናሽን ጨርሰሽ የመጣሽ ቀን መናኸሪያው ውስጥ ከሕዝቡ መሐል ወደ እኔ ስትመጪ፣ እኔ አንቺን እንደ ማንም መንገደኛ እንዳላሳልፍሽ ነበር። አሁን አልፈራም። እናትሽ አጠገቤ ይቆማሉ፤ «መጣች» ይሉኛል። አንቺም ከሩቅ በስሜ ትጠሪኛለሽ። እኔም ፊቴን ትንሽ ወደ ጎን አድርጌ እቀበልሻለሁ፤ የዞርኩብሽ እንዳይመስልሽ፣ ደህና አድርጌ ላይሽ ነው።

አትቸኩዪ፣ ተምረሽ ጨርሺ። ቤቱ ሞልቷል፣ እኛም እንጠብቅሻለን።

ባልሽ፣
የእናትሽም «አንተ»